ቆላ ለሥራ ሲወርዱ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከደጋ ተነሥቶ ለሰሊጥ አረም ወይም አጨዳ ወደ መተማና ሁመራ የሚወርድ ሰው ጉልበት አያጣም። የሚያጣው ሙቀት የለመደ ሰውነት ነው። ሰውነት ሙቀትን ይለምዳል፤ ለዚህ ግን ከ7 እስከ 14 ቀን ይፈልጋል። ከባዱ አደጋ የሚደርሰውም በአብዛኛው በእነዚህ የመጀመሪያ ቀናት ነው።

በደረሱበት ቀን ሙሉ ሥራ መያዝ

ሥራው በኮንትራት ሲሆን አዲሱ ሰው ከነባሩ እኩል ልሥራ ይላል። የነባሩ ሰውነት ግን ውስጡ ተለውጧል። በደም ሥር ውስጥ ያለው ፈሳሽ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ስለሚጨምር የልብ ጫና ይቀንሳል። ላብ ሰውነት ብዙ ሳይግል ይጀምራል፤ መጠኑም ይበዛል። የላብ ዕጢዎችም ጨውን መልሰው መምጠጥ ይለምዳሉ። የአዲስ ሠራተኛ ሸሚዝ ሲደርቅ ጀርባው ላይ ነጭ የጨው መስመር ይጥላል፤ ከሳምንት ከሁለት በኋላ መስመሩ እየሳሳ ይሄዳል።

ስለዚህ በ1ኛው ቀን ከሙሉው ሥራ 20 በመቶውን ብቻ ይሥሩ፤ በየቀኑ 20 በመቶ እየጨመሩ በ5ኛው ቀን ሙሉ ያድርጉት። ሥራውን ቀድሞ የሚያውቅ ሰው በ50 በመቶ ጀምሮ በ60፣ በ80፣ በ4ኛው ቀን በ100 ይሂድ። «አምናም ነበርኩ» ማለት አያድንም፤ ሰውነት ለሙቀት ያገኘው ልምድ ደጋ ከተመለሱ ከሳምንት በኋላ መቀነስ ይጀምራል፣ በወር ገደማ ይጠፋል።

«ላብህ ሳይደርቅ ንፋስ ይመታሃል» ብሎ መስኮት መዝጋት

በሐሩር ቦታ ይህ ምክር ጉዳቱ ያመዝናል። ላብ የሚያቀዘቅዘው ከቆዳ ላይ ሲተን ነው፤ 1 ሊትር ላብ ሲተን 580 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ሙቀት ይዞ ይሄዳል። መሬት ላይ የተንጠባጠበ ላብ ግን ውኃና ጨው ከማስወጣት በቀር አይጠቅምም። በክረምት ወበቅ፣ በተዘጋ አውቶቡስ ወይም ጎጆ ውስጥ የሚሆነው ይኸው ነው። መስኮቱን ይክፈቱ። አየሩ ከ40 ዲግሪ ሲያልፍና ደረቅ ሲሆን ግን ንፋሱ ራሱ ያግላል፤ ያኔ ልብስዎን በውኃ ያርጥቡ።

እስኪጠሙ ጠብቆ ብዙ ውኃ በአንዴ መጠጣት

በየ15 እና 20 ደቂቃው ሩብ ሊትር ያህል ይጠጡ፤ በሰዓት ግን ከ1.5 ሊትር አይለፉ። ምግብ ሳይቀምሱ ቀኑን ሙሉ ውኃ ብቻ መጠጣት የደምን ጨው አሳንሶ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና መዘባረቅ ያመጣል። ለሰዓታት ካላበዎት ኦአርኤስ (በፓኬት የሚገኘውን የስኳርና የጨው ዱቄት) በልኩ በጥብጠው ይጠጡ፤ ከሌለ በ1 ሊትር ንጹሕ ውኃ ከአፉ የተስተካከለ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ይበቃል። አረቄና ቢራ ውኃ አይተኩም። ፍልሰታን ለአረም ወርዶ እስከ 9 ሰዓት ሳይጠጣ የሚጾም ሰው ከባዱን ሥራ ከጠዋቱ 12 እስከ 3 ሰዓት ጨርሶ ጥላ ውስጥ ይግባ።

ልብስ ማውለቅም ናይሎን መልበስም ስህተት ነው፤ ሰፊ፣ ስስ፣ እጅጌው ረጅም የጥጥ ሸሚዝና ባርኔጣ ይሻላሉ።

«እያላበው ነው፣ ደህና ነው» ማለት

ከሁሉ የሚከፋው ይህ ነው። በሥራ ላይ በሙቀት የተመታ ሰው ቆዳው እርጥብ ሊሆን ይችላል። ምልክቱ አእምሮው ነው፦ ይንገዳገዳል፣ ይቃዣል፣ ሲጠሩት አይመልስም። የሰውነቱ ሙቀት ከ40 ዲግሪ በላይ ወጥቷል። ሰው ግን ወባ ነው ብሎ ፓራሲታሞል ይሰጠዋል፤ ይህ መድኃኒት እንዲህ ያለውን ሙቀት አያወርድም። ወይም ምች ነው ተብሎ ጋቢ ይደረብበታል፣ የዳማከሴ ጭማቂ በአፉ ይጨመርለታል። ጋቢው ሙቀቱን ያፍናል፤ ራሱን የሳተ ሰው ደግሞ የሚጠጣ ነገር ትን ብሎት ሊሞት ይችላል።

ወዲያው ጥላ ውስጥ አስገብተው ልብሱን ያውልቁ። ትልቅ ገንዳ ካለ ራሱን ደግፈው እስከ አንገቱ ውኃ ውስጥ ይንከሩት። ከሌለ መላ ሰውነቱ ላይ ሳያቋርጡ ውኃ እያፈሰሱ ያራግቡለት፤ አንገቱ፣ ብብቱና ብሽሽቱ ላይ ቀዝቃዛ እርጥብ ጨርቅ እየቀያየሩ ያድርጉ። ይህን በመጀመሪያዎቹ 30 ደቂቃዎች ውስጥ ያድርጉ፤ መኪና እስኪመጣ ቁጭ ብለው አይጠብቁ። ወደ ጤና ጣቢያ ሲወስዱትም መስኮቱን ከፍተው፣ ጀሪካን ውኃ ይዘው፣ እያረጠቡት ይሂዱ።