የመኪናዎ ኤሲ ሲደክም፦ ምርመራውና ጋዝ አሞላሉ

የኤሲ ጋዝ እንደ ቤንዚን ተቃጥሎ አያልቅም። በዝግ ቱቦ ውስጥ ይዞራል እንጂ የሚሄድበት የለውም። በላስቲክ ቱቦዎችና በጎሚኒዎች በኩል በዓመታት ጥቂት ይቀንስ ይሆናል፤ በየዓመቱ የሚያስሞላ መኪና ግን የሚያፈስ መኪና ነው። ስለዚህ ጋዝ ከመግዛትዎ በፊት ምርመራውን ይጨርሱ።

ሞተር ሳያስነሱ

ኮፈኑን ይክፈቱና የጋዙን ዓይነትና መጠን የሚገልጸውን ልጥፍ ይፈልጉ፤ ብዙ ጊዜ ኮፈኑ ሥር ወይም ራዲያተሩ አካባቢ ነው። መንገዶቻችን ላይ የሚበዙት ቪትዝና ኮሮላዎች የሚጠቀሙት አር 134ኤ ነው። ልጥፉ አር 1234ዋይኤፍ ካለ ጋዙ እሳት ሊይዝ የሚችል፣ መግጠሚያውም የተለየ ስለሆነ ለባለሙያ ይተዉት። ሃይብሪድና የኤሌክትሪክ መኪና ከሆነም አይንኩት። ጋዙን የሚጨምቀው ኮምፕሬሰር የሚሠራው በከፍተኛ ቮልቴጅ ነው፤ ከጋዝ ጋር ተቀላቅሎ የሚሸጠው የተለመደ ዘይት ከገባበት የኤሌክትሪክ መከላከያውን ሊያበላሽ ይችላል።

ቀጥሎ ከተሳፋሪው ፊት ካለው መሳቢያ ኋላ የሚገኘውን የአየር ፊልትሮ ያውጡ። በአቧራና በቅጠል ከተደፈነ ነፋሱ ደካማ ይሆናል፤ ይህን ጋዝ አያድነውም። ከራዲያተሩ ፊት ያለውን፣ የጋዙን ሙቀት የሚያስወጣውን ኮንደንሰርም ይዩ። በአቧራ መንገድ የሚመላለስ መኪና ክንፎቹ መካከል ጭቃ ይጋገርበታል። ክንፎቹ በቀላሉ ስለሚታጠፉ በቀስታ ውሃ ይጠቡት።

አሁን ማፍሰሻውን፣ ማለትም ጋዙ የሚያመልጥበትን ቦታ፣ ይፈልጉ። ጋዙ ዘይት ይዞ ስለሚዞር ያፈሰሰበት ቦታ አቧራ የያዘ ቅባት ይታይበታል። የቱቦ መጋጠሚያዎችን፣ የኮምፕሬሰሩን ፊትና የኮንደንሰሩን ታችኛ ማዕዘኖች በባትሪ ብርሃን ይመልከቱ። የተጠራጠሩት ቦታ ላይ ወፍራም የሳሙና አረፋ ቀብተው ጥቂት ደቂቃ ይጠብቁ፤ ያበጠ ፊኛ ካዩ ማፍሰሻውን አገኙት። መጋጠሚያው ወይም ጎሚኒው ሳይጠገን ጋዝ አይሙሉ።

ሞተር አስነስተው

ኤሲውን እስከ መጨረሻው ቅዝቃዜ፣ ነፋሱንም እስከ መጨረሻው ያድርጉና ኮምፕሬሰሩን ከፊት ይመልከቱ። በአብዛኞቹ መኪኖች ቺንጋው ፑሌጃውን ሁልጊዜ ያዞረዋል፤ የፊቱ ሳህን ግን «ቀጭ» ብሎ አብሮ መዞር የሚጀምረው ኤሲው ሲበራ ነው። ጭራሽ ካልያዘ በቅድሚያ ፊውዙንና ሪሌውን ይፈትሹ። እነሱ ደህና ከሆኑ ጋዙ በጣም አንሶ የግፊት መቆጣጠሪያው ኮምፕሬሰሩን ከልክሎት ሊሆን ይችላል። በየጥቂት ሰከንዱ ያዝ ለቀቅ የሚያደርግ ከሆነም ብዙውን ጊዜ ጋዝ ጎድሏል።

መኪናው ሲሄድ እየቀዘቀዘ ትራፊክ ላይ ሲቆም የሚሞቅ ኤሲ ግን ችግሩ በአብዛኛው ጋዝ አይደለም። የኮንደንሰሩ ፋን አልዞረም፣ ወይም ኮንደንሰሩ ተደፍኗል። ብዙ ሰው ሳያስፈልገው ጋዝ የሚያስሞላው እዚህ ላይ ነው።

አሞላሉ

ደጅ ላይ፣ ከእሳትና ከሲጋራ ርቀው ይሥሩ፤ ይህ ጋዝ ነበልባል ካገኘው ወደ መርዛማ ጭስ ይለወጣል። መነጽርና ጓንት ያድርጉ። ፈሳሹ ከዜሮ በታች 26 ዲግሪ ላይ ስለሚፈላ ዓይንና ቆዳን ያቃጥላል።

የጋዙ ቆርቆሮ ከመኪናው ጋር የሚገናኘው ጌጅ (የግፊት መለኪያ) ባለው የመሙያ ቱቦ ነው። መግጠሚያውን ለማግኘት ወደ ኮምፕሬሰሩ የሚመለሰውን ወፍራሙን ቱቦ ይከተሉ። የመሙያው ክዳን ላይ «ኤል» የሚለው የላቲን ፊደል አለ። «ኤች» ያለበትን ፈጽሞ አይንኩ፤ የዚያ ግፊት ወደ ቆርቆሮው ተመልሶ ሊያፈነዳው ይችላል። የመሙያው ቱቦ አልገጥም ካለ የተሳሳተ ቦታ ላይ ነዎትና አያስገድዱት።

ሞተሩ ጠፍቶ ጌጁ ወደ ዜሮ ከተጠጋ ውስጡ ባዶ ነው፤ አየርና እርጥበት ገብቶበታል። ያ የጋራዥ ሥራ ነው። ግፊት ካለ ሞተሩንና ኤሲውን ያስነሱ፤ ኮምፕሬሰሩ ይዞ ሳለ ጌጁ ከ25 እስከ 45 ፒኤስአይ ባለው ውስጥ ቢሆን ደህና ነው፤ የውጪው ሙቀት ሲጨምር ንባቡም ይጨምራል። አዲስ አበባ ያለ ሰው አንድ ነገር ያስታውስ፦ የግፊት ሰንጠረዦቹ የተሠሩት ለባሕር ጠለል ነው። በከተማዋ ከፍታ የአየሩ ግፊት ስለሚያንስ ጌጁ ለዚያው ጋዝ ወደ 3.5 ፒኤስአይ አብልጦ ያሳያል።

ንባቡ አንሶ ሲሞሉ ቆርቆሮውን ቀጥ አድርገው ይያዙ፤ ከተዘቀዘቀ ፈሳሽ ገብቶ ኮምፕሬሰሩን ሊሰብር ይችላል። አምስት፣ አሥር ሰከንድ ይልቀቁ፣ ይዝጉ፣ ጥቂት ደቂቃ ይጠብቁና ጌጁን ያንብቡ። ቆርቆሮውን በፊትና በኋላ በወጥ ቤት ሚዛን ቢመዝኑት ስንት ግራም እንደገባ ያውቃሉ። የብዙ ትናንሽ መኪኖች ሙሉ መጠን ከ400 እስከ 600 ግራም ስለሆነ 340 ግራም የሚይዝ አንድ ቆርቆሮ እንኳ በትንሹ ለጎደለ መኪና ይበዛል። ትርፍ ጋዝ ቅዝቃዜውን ይቀንሳል፣ ኮምፕሬሰሩንም ያስጨንቀዋል። ማፍሰሻ ይደፍናል ተብሎ የሚሸጠውን ኬሚካል የያዘ ቆርቆሮ አይግዙ፤ ቀጫጭን መተላለፊያዎችንም ሊደፍን ይችላል።

በመጨረሻ ቴርሞሜትር በመካከለኛው የአየር መውጫ ውስጥ ያስገቡ። ከ4 እስከ 10 ዲግሪ ካነበበ በቂ ነው። በሳምንታት ውስጥ እንደገና ከደከመ ጋራዥ ይውሰዱትና ማፍሰሻው በናይትሮጅን ግፊት እንዲፈለግ፣ ከተጠገነም በኋላ በቫኪዩም ፓምፕ ቢያንስ ለ30 ደቂቃ ተስቦ ጋዙ በልጥፉ ላይ በተጻፈው ግራም ልክ በሚዛን እንዲሞላ ይጠይቁ።