ሽሙጥን ስናስተምር የምንሠራቸው ስህተቶች

ተማሪው ብርጭቆ ሙሉ ውሃ ደብተሩ ላይ ደፋ። አጠገቡ የተቀመጠው ልጅ «ጎበዝ!» አለው። «አመሰግናለሁ» ብሎ ፈገግ አለ። ክፍሉ በሳቅ ሲሞላ የሳቁ ምክንያት ያልገባው እሱ ብቻ ነበር። ልዩ ፍላጎት ያላቸውን ልጆች የሚያስተምር ሰው እንዲህ ያለ ነገር ሳይገጥመው አይቀርም። ብዙዎቻችን ልጁን ለማገዝ ስንነሳ ግን ከተሳሳተ ቦታ እንጀምራለን።

ከድምፅ ቃና መጀመር። «ድምፁን ስማ፤ ከተጎተተ ሽሙጥ ነው» እንላለን። ኦቲዝም ላለበት ልጅ ብዙ ጊዜ የሚከብደው ግን ያው ቃናው ነው። ደግሞም ቃና የማይለወጥ ምልክት አይደለም፦ የእንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ሲያሽሟጥጡ ድምፃቸውን ዝቅ እንደሚያደርጉ፣ የካንቶኒዝ ተናጋሪዎች ደግሞ ከፍ እንደሚያደርጉ በጥናት ታይቷል። ፊቱን ሳይለውጥ ሽሙጡን ጣል የሚያደርግም ሞልቷል። ስለዚህ በሚታየው ነገር መጀመር ይሻላል፦ ምን ሆነ? ምን ተባለ? ሁለቱ ይገጥማሉ? ልጁ «ውሃ ተደፋ፤ ጎበዝ ተባለ፤ አይገጥምም» ካለ ግማሹን መንገድ ሄዷል። ቃናና ፊት ከዚያ በኋላ ማረጋገጫ ይሆናሉ።

«አይገጥምም» ላይ ማቆም። ውሸትም ከእውነታው ጋር አይገጥምም፤ ስህተትም እንዲሁ። እዚህ ላይ ከቆምን ልጁ የሚያሽሟጥጠውን ሁሉ ውሸታም ማለት ይጀምራል። ዋሾ እንድናምነው ይፈልጋል፤ የሚያሽሟጥጥ ሰው ግን ነገሩ እንዲነቃበት ነው የሚፈልገው። ይህን ለመለየት ልጁ ተናጋሪው የሚያስበውን ብቻ ሳይሆን፣ ተናጋሪው «ሰሚው እንዴት ይረዳኛል» ብሎ የሚያስበውንም መገመት አለበት። የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ፍራንቼስካ ሃፔ እ.ኤ.አ. በ1993 ባሳተመችው ጥናት ኦቲዝም ላለባቸው ሰዎች ምጸትን መረዳት ከዚህ ችሎታ ጋር የተያያዘ መሆኑን አሳይታለች። እኔ አራተኛ ጥያቄ እጨምራለሁ፦ «እንዳምነው ይፈልጋል?» መልሱ ቶሎ አይመጣም፤ ሳምንታት ሊወስድ ይችላል።

መቸኮል። ሌሎች ልጆችም ቢሆኑ ሽሙጥን መረዳት የሚጀምሩት በ5 እና በ6 ዓመት አካባቢ ነው፤ ከዚያም በኋላ ለዓመታት ይሻሻላሉ። የልጁን የልደት ቀን ሳይሆን የቋንቋ ደረጃውን እንመልከት።

ስም ማብዛት። ሽሙጥ፣ አሽሙር፣ አግቦ፣ ምጸት፣ ስላቅ። እኛ አዋቂዎቹ እንኳ በልዩነታቸው ላይ አንስማማም። አንዱን መርጠን በእሱ ብንጸና ይበቃል።

ሽሙጥ ብቻ ማለማመድ። ሃያ ምሳሌ ሰጥተን ሃያውም ሽሙጥ ከሆነ፣ ልጁ የሚማረው ምስጋናን ሁሉ መጠርጠር ነው። ይህ ከቀድሞው የባሰ ነው፤ ከልብ የተመሰገነ ልጅ ይከፋዋል። የምር የተነገሩ «ጎበዝ»ዎችም በዚያው ልክ ይግቡ። ምሳሌዎቹ ከወረቀት ወጥተው በተለያዩ ሰዎች አፍ፣ በመተላለፊያና በመጫወቻ ሜዳ ይነገሩ። እ.ኤ.አ. በ2013 በወጣ ጥናት በብዙ ምሳሌ የተለማመዱ ሦስት ኦቲዝም ያለባቸው ልጆች ያልተለማመዱትን ሽሙጥም መለየት ችለዋል። ሦስት ልጅ ጥቂት ነው፤ ቢሆንም ተስፋ ይሰጣል።

በተማሪው ላይ ማሽሟጠጥ። አርፍዶ የገባውን ልጅ «ዛሬማ ማልደህ መጣህ!» የሚል መምህር እያስተማረ አይደለም። በልምምድ ሰዓት «አሁን ላሽሟጥጥ ነው» ብሎ አስቀድሞ መናገር ይቻላል። ከዚያ ውጭ መምህሩ የሚያስበውን ማለት፣ የማያስበውንም አለማለት አለበት። በዚህ ጉዳይ ለድርድር ቦታ የለኝም።

መልሱን አለማስተማር። ሽሙጡን ያወቀ ልጅ ቀጥሎ ምን ያድርግ? ብዙ ትምህርት እዚህ ሳይደርስ ያልቃል። ከወዳጅ ሲመጣ አብሮ መሳቅ፣ ለማዋረድ ተብሎ ሲደጋገም ደግሞ ለሚያምነው አዋቂ መንገር ለየብቻ መለማመድ አለባቸው። ግራ ለገባው ልጅ ደግሞ አንድ ጥያቄ በቃሉ ይያዝ፦ «የምርህን ነው ወይስ እየቀለድክ?»