የኪካድ የዕቃ ዝርዝር ሲሳሳት፦ ችግሩ፣ መንስኤውና መፍትሄው

የቦርዱ ዲዛይን አልቋል፤ የቀረው ዕቃ ማዘዝ ነው። ከኪካድ (የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ መንደፊያ ሶፍትዌር) ያወጣችሁት የዕቃ ዝርዝር ግን ልክ አይመስልም። ዕቃ ከውጭ ለሚያስመጣ ሰው ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። አንድ ሬዚስተር ከጎደለ እንደገና የማጓጓዣ ይከፈላል፣ እንደገና ይጠበቃል።

ከሁሉ በፊት፦ ስህተት ስታገኙ ኤክሴል ላይ አታርሙ። ስኬማቲኩን (የሰርኪዩቱን ሥዕል) አርሙና ዝርዝሩን እንደገና አውጡ። ኤክሴል ላይ ያረማችሁት በሚቀጥለው ጊዜ ይጠፋል፣ ስህተቱ ግን ይመለሳል።

የምጠቅሳቸው ነገሮች በኪካድ 8 ላይ ያሉ ናቸው። ይህ ስሪት በፈረንጆቹ 2024 ነው የወጣው። ከዚያ በፊት ዝርዝሩን የሚያወጣው አብዛኛውን ጊዜ የፓይተን ስክሪፕት ነበር። አሮጌው ስሪት ላይ ስክሪፕቱ አልሰራ ካላችሁ ከመታገል አዲሱን መጫን ይሻላል። ፋይሉ አንዴ በአዲሱ ሴቭ ከተደረገ አሮጌው ስለማይከፍተው መጀመሪያ ኮፒ አስቀምጡ።

አንድ ዓይነት ካፓሲተር ሦስት መስመር ላይ ተበትኗል

አንዱ ላይ "100 ናኖ"፣ ሌላው ላይ "0.1 ማይክሮ"፣ ሦስተኛው ላይ "100 ናኖፋራድ" ብላችኋል። ለእኛ ሦስቱም አንድ ናቸው። ኪካድ ግን የሚያመሳክረው ጽሑፉን ነው እንጂ ልኩን አያሰላም። ቱልስ ሜኑ ውስጥ ያለውን የሲምቦል (ስኬማቲኩ ላይ ዕቃውን የሚወክለው ምልክት) ፊልዶች ሰንጠረዥ ክፈቱ። ሦስቱንም መስመር በአንድ አጻጻፍ አስተካክሉ። በቡድን የተጠቃለለ መስመር ላይ ስትጽፉ በቡድኑ ያሉት ሁሉ አብረው ይቀየራሉ፤ አንድ በአንድ መክፈት አያስፈልግም።

ሁለት የተለያዩ ዕቃዎች አንድ መስመር ላይ ገብተዋል

ይሄኛው ይብሳል፣ ምክንያቱም ዝርዝሩ ንጹህ ይመስላል። 10 ኪሎ ኦም ሬዚስተር አለ እንበል። የስምንቱ መጠን 0603፣ የሁለቱ ደግሞ ተለቅ ያለው 0805 ነው። በቫልዩ (በልካቸው) ብቻ ከተቧደኑ "10 ኪሎ፣ ብዛት 10" ይላችኋል። አሥሩንም 0603 ታዝዛላችሁ፤ ሁለቱ ለቦታቸው ያንሳሉ። በሰንጠረዡ ግራ በኩል "ግሩፕ ባይ" የሚለው ላይ ፉትፕሪንትንም (ዕቃው ቦርዱ ላይ የሚያርፍበትን ቅርጽ) ምልክት አድርጉ። ለዚሁ የተዘጋጀ በቫልዩና በፉትፕሪንት የሚያቧድን ፕሪሴትም አለ። እኔ በቫልዩ ብቻ የሚያቧድነውን ለማዘዣ በፍጹም አልጠቀምበትም።

የማይገዛ ነገር ገብቷል፣ ወይም የሚገዛው የለም

የብሎን ቀዳዳ፣ ሎጎ፣ የመለኪያ ነጥብ ዝርዝሩ ላይ ካያችሁ የሲምቦሉን ፕሮፐርቲስ ክፈቱና "ኤክስክሉድ ፍሮም ቢል ኦፍ ማቴሪያልስ" የሚለውን ምረጡ። ዕቃ ከጠፋ ደግሞ ይሄው ሳጥን ሳይታወቅ ተመርጦ እንደሆነ እዩ። መለያው (እንደ ዩ1 ያለው ስም) በ# የሚጀምር ሲምቦልም ዝርዝር ውስጥ አይገባም።

የስኬማቲኩና የቦርዱ ዝርዝር አይገጥሙም

ስኬማቲኩን ቀይራችሁ ቦርዱን አላሳደሳችሁም። ኤፍ8 ተጫኑ።

ኤክሴል ላይ ሁሉም ነገር ተዘበራርቋል

ኪካድ ዝርዝሩን የሚያወጣው ሲኤስቪ በሚባል፣ ዓምዶቹ በኮማ በሚለዩበት የጽሑፍ ፋይል ነው። ሦስት የተለያዩ ችግሮች ናቸው። ሁሉም አንድ ዓምድ ውስጥ ከታጨቀ ኮምፒውተራችሁ በኮማ ፈንታ ሴሚኮለን (;) የሚጠብቅ ነው፤ ኪካድ ላይ ኤክስፖርት የሚለው ገጽ ውስጥ የዓምድ መለያ ምልክቱን መቀየር ትችላላችሁ። የማይክሮና የኦም ምልክት የማይነበብ ፊደል ከሆነ ኤክሴል ፋይሉ ዩቲኤፍ-8 (የፊደላት ኮድ ዓይነት) መሆኑን አላወቀም።

ሦስተኛው አደገኛው ነው። መጠኑን በራሳችሁ ፊልድ "0603" ብላችሁ ጽፋችሁ ከሆነ ኤክሴል እንደ ቁጥር ቆጥሮት 603 ያደርገዋል። መጠን ላይ ድሮም ግራ መጋባት አለ። በኢንች አቆጣጠር 0603 ማለት 1.6 በ0.8 ሚሊሜትር ነው። በሜትሪክ 0603 ግን 0.6 በ0.3 ሚሊሜትር ነው፣ በእጅ ለመበየድ የሚያስለቅስ። የኪካድ ፉትፕሪንት ስም "0603_1608ሜትሪክ" ብሎ ሁለቱንም የሚጽፈው ለዚህ ነው። ያንን ዓምድ ከዝርዝሩ አታውጡት።

ሦስቱንም ለመከላከል ፋይሉን ደብል ክሊክ አድርጋችሁ አትክፈቱ። ኤክሴል ውስጥ ዳታ፣ ከዚያ "ፍሮም ቴክስት/ሲኤስቪ" ግቡ። 65001 ዩቲኤፍ-8 ምረጡ፣ የመጠኑን ዓምድ ቴክስት አድርጉት። ሊብሬኦፊስ ካልክ ደግሞ ሲከፍት ራሱ ይጠይቃችኋል።

አንድ አይሲ ሁለት ሆኖ ተቆጥሯል

ኤልኤም358 የሚባለው አይሲ ውስጡ ሁለት ኦፕአምፕ (ሲግናል ማጉያ) አለው። ስኬማቲኩ ላይ ሁለቱ ተለያይተው ይሳላሉ፣ የሚገዛው ግን አንድ አይሲ ነው። ዝርዝሩ 2 ካለ፣ አንዱ ዩ1 ሌላው ዩ2 ተብሎ ተሰይሟል ማለት ነው። ሁለተኛውን ዩ1 በሉትና ዩኒቱን (የአይሲውን ክፍል) ቢ አድርጉት። የኃይል መስመሩ ለብቻው የተሳለ ከሆነ እሱም ዩ1 መባል አለበት፣ አለዚያ ሌላ ትርፍ አይሲ ይቆጠራል።