ታጥቦ የሚሸት ልብስ፦ የማሽን ሰዓትና ሙቀት አመራረጥ፣ ችግርና መፍትሄ

የልብስ ማጠቢያ ማሽን ተበላሸ ተብዬ ስጠራ መጀመሪያ የማየው ሞተሩን ወይም ፓምፑን አይደለም፤ የፕሮግራም መምረጫውን ነው። ብዙ ቤት አንድ ቦታ ላይ ተተክሎ አገኘዋለሁ፦ ፈጣን፣ 30 ደቂቃ፣ 30 ዲግሪ ወይም ቀዝቃዛ። ፎጣውም፣ አንሶላውም፣ የሕፃን ልብሱም፣ የሥራ ቱታውም በዚያው ይታጠባል። ከዚያ "ማሽኑ አያጥብም" ይባላል። ውሃ መግባቱን፣ በሩ መዘጋቱን፣ የፓምፑ ማጣሪያ አለመደፈኑን አይታችኋል ብዬ ነው የምጀምረው።

አንድ ነገር ላስቀድም። እ.ኤ.አ. በ1959 ሄርበርት ሲነር የተባለ ጀርመናዊ ኬሚስት እጥበትን በአራት ነገር ከፍሎ አስረድቷል፦ ሳሙናው፣ ሙቀቱ፣ ሰዓቱና መታሸቱ። አንዱ ሲጎድል ሌላው መካስ አለበት። ፈጣንና ቀዝቃዛ ፕሮግራም የመረጠ ሰው ሁለቱን በአንዴ አጉድሏል። ከበሮውን እስከ አፉ ከጠቀጠቀው ደግሞ ልብሱ መገላበጫ ስለሚያጣ ሦስተኛውም ሄደ። የቀረው ሳሙና ነው፤ ሰውም የሚጨምረው እሱኑ ነው። ጥፋቱ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

ምልክት፦ ልብሱ ታጥቦ ይሸታል

ሽታው ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ በሩ ሲከፈት የሚመታው የረጋ ውሃ ሽታ ነው። ሁለተኛው ይደበቃል፤ ልብሱ ደርቆ ሲታጠፍ ምንም የለበትም፣ ፎጣው ፊት ሲጠረግበት ወይም ካናቴራው ላብ ሲነካው ግን ወዲያው ይመለሳል። ለመለየት፣ ታጥቦ የደረቀ ፎጣ ጫፉን ለብ ባለ ውሃ ንከሩና አሽትቱት። ከሸተተ አልታጠበም፤ የሳሙና ሽቶ ነው የተቀባው።

መንስኤው ይሄ ነው። ከሰውነታችን የሚወጣው ወዝ ስብ ነው። ሳህን ላይ የረጋ ቅባት በቀዝቃዛ ውሃ እንደማይለቅ ሁሉ ወዝም ከጨርቅ አይላቀቅም፤ ውሃው ወደ 40 ዲግሪ ሲጠጋ ነው የሚለሰልሰው። ሳሙናው ውስጥ ያሉት ፕሮቲን፣ ስታርችና ስብ የሚቆራርጡ ኢንዛይሞች ደግሞ ጊዜ ይፈልጋሉ። ከ30 ደቂቃው ውስጥ ውሃ መሙላቱ፣ ማለቅለቁና መጭመቁ ሲቀነስ ሳሙና ከልብስ ጋር የሚቆየው ጥቂት ደቂቃ ነው። ዱቄቱ እንኳ በቅጡ አይሟሟም። ያልለቀቀው ወዝ፣ ያልሟሟው ሳሙናና ማለስለሻው ተቀላቅለው ይጣበቃሉ፤ ከፊሉ ጨርቁ ላይ፣ ከፊሉ ከበሮው ጀርባ ዓይን በማያየው ቦታ። ባክቴሪያውና ሻጋታው የሚኖረው እዚያ ላይ ነው።

የሦስት ልጆች እናት የሆኑ ደንበኛ ነበሩኝ። ሳሙና ሁለቴ ቀይረዋል፣ ማለስለሻውን እጥፍ አድርገዋል፣ በመጨረሻ ማሽኑን ሊሸጡት ነበር። "ልጄ፣ ይኸው አንተው አሽትተው" ብለው የልጃቸውን የትምህርት ቤት ሸሚዝ አፍንጫዬ ስር አቀረቡልኝ። የበሩን ላስቲክ እጥፋት በጣቴ ገለጥ ሳደርገው ጥቁር ሙልጭልጭ ነገር ይዞ መጣ። ከበሮውን ሳወጣው ጀርባው ብረት አይመስልም ነበር፤ የጣት ውፍረት ያለው ግራጫ ጭቃ ለብሷል፣ ስነካው እንደ ረጋ ሞራ ያሟልጫል። በፕላስቲክ መፋቂያ ስገፋው በቁራጭ በቁራጭ ወደቀ። ከስሩ፣ ከበሮውን የሚሸከመው ባለሦስት ክንድ ድጋፍ ተቦርቡሮ ነጭ ዱቄት አውጥቷል፤ አንዱን ክንድ በእጄ ጫን ስለው ተሰበረ። ያ ድጋፍ የአሉሚኒየም ቅይጥ ነው፤ እርጥብ የሳሙና ዝቃጭ ውስጥ ለዓመታት ሲቀመጥ ይበላል። ከበሮውን ከማይዝግ ብረት ሠርቶ መሸከሚያውን በቀላሉ ከሚበላ ነገር መሥራት ያናድደኛል። ይባስ ብሎ የውጭውን ገንዳ በብሎን ሳይሆን በብየዳ የሚዘጉ አምራቾች በዝተዋል፤ እንዲህ ያለው ገንዳ ለጽዳት አይከፈትም፣ ተቆርጦ ወይም በሙሉው ነው የሚቀየረው።

እኚህ እናት አራት ዓመት ሙሉ ከ30 ዲግሪ አልፈው አያውቁም፤ መብራት ለመቆጠብ ነው። ቁጠባው ስህተት አይደለም፤ ማሽን ከሚፈጀው ኃይል ትልቁ ውሃ ለማሞቅ የሚሄደው ነው። ስህተቱ ሙቀቱን ቀንሶ ሰዓቱንም አብሮ መቀነስ ነው። ሙቀት ከቀነሳችሁ ሰዓት ጨምሩ። ሰዓት ካጠራችሁ ልብሱ ትንሽና ብዙም ያልቆሸሸ ይሁን።

መፍትሄው ላይ ቅደም ተከተሉን አትለውጡ፤ መጀመሪያ ማሽኑ፣ ቀጥሎ ልብሱ። በቆሸሸ ማሽን ፎጣ መቀቀል ድካም ብቻ ነው። የሳሙና መሳቢያውን ነቅላችሁ በብሩሽ እጠቡ፣ የላስቲኩን እጥፋት ዙሪያውን ጥረጉ፣ ማጣሪያውን አጽዱ። ከዚያ ከበሮውን ባዶ አድርጋችሁ የጥጥ ፕሮግራም በ90 ዲግሪ፣ 90 ከሌለው በ60 አስነሱ፤ ማንጫ ያለበት ዱቄት ሳሙና ጨምሩ። ፈሳሽ ሳሙና ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ በኦክስጅን የሚያነጣው ንጥረ ነገር በአብዛኛው የለበትም። ሲያልቅ ሳሙና ሳትጨምሩ ባዶውን በ40 ዲግሪ አስነሱና አሥር ደቂቃ በመስታወቱ ተመልከቱ። አረፋ ካያችሁ የድሮ ሳሙና ገና አለ፤ የ90ውን ድገሙት። ሦስቴ የደገምኩባቸው ማሽኖች አሉ።

ማስጠንቀቂያ፦ በ90 የሠራ ማሽን ሳይቀዘቅዝ ማጣሪያውን አትክፈቱ፤ የሚፈሰው ውሃ እጅ ይልጣል። ከቀዘቀዘ በኋላ ግን የግድ ክፈቱት፣ የተላቀቀው ዝቃጭ እዚያ ይጠራቀማል።

ማስጠንቀቂያ፦ በረኪናን ከኮምጣጤ ወይም ከሲትሪክ አሲድ ጋር አትቀላቅሉ። የክሎሪን ጋዝ ይወጣል፣ ሳንባ ያቃጥላል። "ትንሽ ትንሽ ነው ያደረግኩት" የሚል ሰው በተዘጋ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ሲያስል አግኝቼው በክንዱ ይዤ አውጥቼዋለሁ። ማሽን በበረኪና ካጠባችሁ፣ አሲድ ከማስገባታችሁ በፊት በንጹህ ውሃ ሙሉ ዙር ያጥብ።

ማስጠንቀቂያ፦ ከበሮውን በእጅ ስትነቀንቁት ከተወላገደ፣ ወይም ሲጨምቅ ከደበደበ፣ ከእንግዲህ አታስነሱት። የተሰበረ ክንድ ገንዳውን ይበሳዋል።

ልብሱን በተመለከተ፣ ፎጣ፣ አንሶላ፣ የውስጥ ልብስና የጥጥ ካልሲ የተሰፋባቸው የአጠባበቅ መለያ ከፈቀደ በ60 ዲግሪ፣ በረጅሙ የጥጥ ፕሮግራም ይታጠቡ። የታመመ ሰው አልጋ ልብስም እንዲሁ። 60 የማይችለው ባለቀለም ልብስ በ40 ይሁን፤ ግን ረጅሙን ፕሮግራም ምረጡ። ሽታው አልለቅ ካለ፣ ከመታጠቡ በፊት ሶዲየም ፐርካርቦኔት (በኦክስጅን የሚያነጣ ዱቄት) በሟሟበት ሞቅ ያለ ውሃ ለጥቂት ሰዓት ዘፍዝፉት፤ ሱፍና ሐር ግን በጭራሽ አይገቡበትም። ለፎጣ ማለስለሻ ተዉ፤ ክሩን በስብ ስለሚሸፍነው ፎጣው ውሃ አይጠጣም፣ ሽታም ይይዛል። ፕሮግራሙ ሲያልቅ ልብሱን ወዲያው አውጡና በሩን ገርበብ አድርጋችሁ ተዉት። ትንንሽ ልጆች ያሉበት ቤት ከሆነ ግን የክፍሉን በር ዝጉ፤ ልጅ ከበሮ ውስጥ ይገባል።

የስፖርት ልብስ ለብቻው የሚነገር ነው። ፖሊስተር ውሃ አይጠጣም፣ ዘይት ግን ይይዛል፤ ስለዚህ የብብቱ ወዝ ክሩ ላይ ይቀራል። አንድ ሯጭ ካናቴራዎቹን በየቀኑ በ20 ደቂቃ ፕሮግራም እያጠበ፣ ማለስለሻ እየጨመረ፣ በየጊዜው እየጣለ አዲስ ይገዛ ነበር። ውስጡን ወደ ውጭ ገልብጦ፣ በሲንተቲክ ፕሮግራም በ40 ዲግሪ፣ ከበሮውን እስከ ግማሽ ብቻ ሞልቶ፣ ያለ ማለስለሻ እንዲያጥብ ነገርኩት። ካናቴራ መጣል ቆመ።

ምልክት፦ ነጩ ልብስ ግራጫ ሆነ

እዚህ ነገሩ ይገለበጣል፤ ብዙ ጊዜ ሳሙናው አንሷል። ማንቆርቆሪያችሁ ውስጥ ነጭ ቅርፊት የሚጋገር ከሆነ ውሃችሁ ካልሲየምና ማግኒዚየም በዝቶበታል፤ እነሱ ሳሙናውን ይይዙታል፣ ከልብሱ የወጣው ቆሻሻም ተመልሶ ልብሱ ላይ ይቀመጣል። ከማሸጊያው ላይ ለእንዲህ ዓይነት ውሃ የተጻፈውን መጠን ተከተሉ። ነጩን ከባለቀለሙ ለዩ፣ ዱቄት ሳሙና ተጠቀሙ፣ 60 ዲግሪ። ከበሮው ውስጥ ከልብሱ በላይ የእጅ መዳፍ የሚያስገባ ክፍተት ይኑር።

ምልክት፦ የደም፣ የእንቁላል ወይም የወተት እድፍ ቡናማ ሆኖ ቀረ

ፕሮቲን በሙቀት ይረጋል፤ ልክ እንቁላል እንደሚበስለው ክሩ ውስጥ ይበስላል። መጀመሪያ በቀዝቃዛ ውሃ አለቅልቁ፣ ቀጥሎ ኢንዛይም ባለው ሳሙና በ30 ወይም በ40 ረጅም ፕሮግራም፣ እድፉ ከለቀቀ በኋላ ብቻ 60። ፕሮግራሙን በ30 አድርጋችሁም እድፉ የሚረጋ ከሆነ የመግቢያውን ቱቦ ተከተሉት። አንድ መግቢያ ብቻ ያለው ማሽን የሚቀጠለው ከቀዝቃዛ ውሃ ጋር ነው። ከቦይለር መስመር ጋር ተቀጥሎ ያገኘሁት ከአንዴም ሁለቴ ነው። ማሽን ውሃ ያሞቃል እንጂ አያቀዘቅዝም፤ ቦይለሩ 60 ከላከ ሹራባችሁም በ60 ታጥቧል ማለት ነው።

ምልክት፦ ሱፉ አጠረ፣ ላስቲክ ያለው ልብስ ላላ

የሱፍ ክር ላይ ቅርፊቶች አሉ፤ ሙቀትና መታሸት ሲደመሩ እርስ በርሳቸው ይቆላለፋሉ፣ አንዴ ከተቆላለፉ አይመለሱም። የሱፍ ፕሮግራም፣ 30 ዲግሪ፣ ከበሮው እስከ ሲሶ ብቻ። ላስቲክ የገባበትን ልብስ ከ40 አታሳልፉ። መለያው ላይ ከገንዳው ምልክት ስር አንድ መስመር ካለ ለስለስ ያለ መታሸት፣ ሁለት ከሆነ በጣም ለስላሳ ማለት ነው።

ምልክት፦ ፕሮግራሙ አያልቅም

መጀመሪያ የመረጣችሁት የቁጠባ ፕሮግራም እንደሆነ አረጋግጡ። በአውሮፓ ኅብረት ሕግ እ.ኤ.አ. ከመጋቢት 2021 ጀምሮ ለገበያ የሚቀርብ እያንዳንዱ አዲስ የቤት ማሽን "ኢኮ 40-60" የሚባል ፕሮግራም እንዲኖረው ግድ ነው፤ መለያቸው 40 እና 60 የሆኑ የጥጥ ልብሶችን አብሮ ያጥባል። ሞልቶ ሲሠራ ከሦስት ሰዓት በላይ ሊሄድ ይችላል። ብልሽት አይደለም፤ ሙቀቱን ቀንሶ በሰዓት የሚክስ ነው። ደንበኞች በዚህ ተጨንቀው ሲጠሩኝ የማደርገው አስረድቶ መመለስ ብቻ ነው። በዚህ ፕሮግራም ውሃው 60 አይደርስምና የታመመ ሰው አንሶላ አታስገቡበት።

ሰዓቱ 1 ደቂቃ ላይ የሚቆመው ወይ ልብሱ አንድ ጎን ተጠቅልሎ ነው፣ ወይ አረፋ በዝቶ ነው። ብቻውን የገባ ከባድ ፎጣ ከሌላ ልብስ ጋር ይግባ፤ ለአረፋ ሳሙና ቀንሱ።

የጥጥ 60 ተመርጦ መስታወቱ ቀዝቃዛ ከሆነ ማሞቂያው ነው። 2000 ዋት ማሞቂያ 15 ሊትር ውሃ ከ15 ወደ 60 ዲግሪ ለማድረስ ወደ 25 ደቂቃ ይፈጅበታል፤ ስለዚህ ከግማሽ ሰዓት በኋላ መስታወቱን ንኩ። ካልሞቀ ማሽኑን ከሶኬት ነቅላችሁ ማሞቂያውን በቴስተር ለኩ። በ230 ቮልት ለሚሠራ 2000 ዋት ወደ 26 ኦም መሆን አለበት፤ ምንም ካላነበበ ተቃጥሏል። ቴስተሩ በማሞቂያውና በማሽኑ ብረት አካል መካከል ካነበበ ደግሞ ማሽኑን እንዳትሰኩት፣ ኤሌክትሪኩ ሰው ይይዛል። ስትቀይሩ ርካሹን ተመሳስሎ የተሠራ አትግዙ። ጎማው በወጉ አይጨብጥም፣ በወራት ውስጥ ውሃ ያንጠባጥባል፣ የሚንጠባጠበውም ሽቦው ላይ ነው። ማሞቂያው ደህና ሆኖ ውሃው ካልሞቀ የሙቀት ሴንሰሩን ፈትሹ፤ ብዙም አይገጥምም።

ሥራ ስጨርስ ከመሳቢያው በላይ አንድ ወረቀት ለጥፌ እሄዳለሁ። ፎጣ፣ አንሶላ፣ የውስጥ ልብስ፦ ጥጥ 60፣ ረጅም። የዕለት ልብስ፦ 40፣ ረጅም ወይም ኢኮ። ጂንስና ጥቁር ልብስ፦ 30፣ ተገልብጦ፣ ረጅም። ሲንተቲክ፦ 40፣ ግማሽ ከበሮ። ሱፍ፦ 30፣ ሲሶ። ፈጣኑ፦ አንድ ቀን ተለብሶ ላልቆሸሸ ሁለት ሸሚዝ፣ በግማሽ ሳሙና። በወር አንዴ፦ ባዶውን በ90፣ በዱቄት ሳሙና።