የመጀመሪያው አንድ ደቂቃ፦ ዲጂታል ሚዲያን ጎንደር ላይ በስልክ እንዴት እንደጀመርኩ

ዲጂታል ሚዲያ መማር የጀመርኩ ሰሞን የተሰጠን የመጀመሪያ የቤት ሥራ አጭር ነበር። የአንድ ደቂቃ ቪዲዮ ሠርታችሁ ኑ፣ ርእሱን ራሳችሁ ምረጡ፣ በቃ። ስልኬን ይዤ በቀጥታ ፋሲል ግቢ ገባሁ። አርባ ደቂቃ ያህል ቀርጬ ማታ ቁጭ ብዬ ሳየው ግንቡ አለ፣ ሰማዩ አለ፣ ታሪክ ግን የለም። የሚናገር ሰው የለም፣ የሚሠራ እጅ የለም። ግቢው እ.ኤ.አ. በ1979 በዩኔስኮ ከተመዘገበ ወዲህ ስንቱ ባለሙያ በስንት ካሜራ አንስቶታል። እኔ በዚያ ላይ የጨመርኩት ነገር አልነበረም።

በማግስቱ ቅዳሜ ስለነበር ቅዳሜ ገበያ ቅመም የምትሸጠው አክስቴ ጋ ሄድኩ። ዛሬ የማውቀውን መሠረታዊ ነገር አብዛኛውን የተማርኩት እሷ መደብ አጠገብ ቆሜ ነው። እናንተም ካሜራም ላፕቶፕም ሳይኖራችሁ በስልክ ብቻ ልትጀምሩ ካሰባችሁ፣ እኔን የጠቀመኝን ልንገራችሁ።

ከመቅረጽ በፊት

ቪዲዮው ስለ ምን እንደሆነ በአንድ ዓረፍተ ነገር ወረቀት ላይ ጻፉ። «ስለ ጎንደር» አይሆንም። «ስለ ገበያ»ም ሰፊ ነው። የእኔ እንዲህ የሚል ነበር፦ አክስቴ ኮረሪማው ጥሩ መሆኑን ሳትሰብረው እንዴት ታውቃለች? እዚህ ውስጥ ሰው አለ፣ ጥያቄ አለ፣ በእጅ የሚሠራ ነገርም አለ። ጥያቄው መልስ ስላለው ደግሞ ቪዲዮው የት ላይ እንደሚያልቅ አስቀድሜ አውቄዋለሁ። መልሱ ቀላል ነው። ፍሬውን ጆሮዋ ጋ አስጠግታ ትነቀንቀዋለች፤ በደንብ የደረቀ ከሆነ ውስጡ ያለው ዘር ይንኳኳል።

ዓረፍተ ነገሩን መጻፍ ካቃታችሁ ርእሱ ገና አልበሰለም ማለት ነው። ስልኩን ኪሳችሁ ውስጥ ተዉትና ሰውየውን ወይም ሴትየዋን መጀመሪያ አነጋግሩ፣ ሥራቸውን እዩ፣ ሻይ ጠጡ።

ድምፅ ከምስል ይቀድማል

አብዛኛው ጀማሪ የሚስተው እዚህ ላይ ነው። የመጀመሪያው ቅዳሜ የቀረጽኩት ምስል ያምር ነበር። የበርበሬው ቅላት፣ የአክስቴ እጅ፣ በየጆንያው አፍ ላይ የተቆለለው ጥቁር አዝሙድና በሶብላ፣ ሁሉም ቁልጭ ብሎ ወጥቷል። ድምፁ ግን የባጃጅ ጥሩምባ፣ የነጋዴ ጥሪና ነፋስ ብቻ ነበር። ኮረሪማው ሲንኳኳ አይሰማም። ያ ድምፅ ከሌለ ደግሞ ጥያቄው መልስ አላገኘም፣ ቪዲዮውም የለም። ሰው ደብዘዝ ያለ ምስል ታግሶ ያያል፤ ንግግሩ የማይሰማ ቪዲዮን ግን ወዲያው ያልፈዋል።

ምክንያቱ ርቀት ነው። ክፍት ቦታ ላይ በማይክና በተናጋሪው መካከል ያለው ርቀት እጥፍ ሲሆን፣ ማይኩ ጋ የሚደርሰው የድምፅ ኃይል ወደ ሩብ ይወርዳል። የገበያው ጫጫታ ግን ከየአቅጣጫው ስለሚመጣ አይቀንስም። ስለዚህ ካሜራው ራቅ ብሎ ሊቆም ይችላል፣ ማይኩ ግን መቅረብ አለበት።

በሁለተኛው ቅዳሜ ያደረግኩት ይህንን ነው። ማይክ ያለው ተራ ባለሽቦ ኢርፎን ተዋስኩ። እሱን ሌላ ስልክ ላይ ሰክቼ የድምፅ መቅጃውን ከፈትኩ፣ ማይኩን ከአክስቴ ነጠላ እጥፋት ላይ ከአፏ አንድ ስንዝር ያህል ዝቅ አድርጌ በመርፌ ቁልፍ ያዝኩት፣ ስልኩን መቀነቷ ውስጥ አስገባችው። ከዚያ በራሴ ስልክ ቪዲዮውን ጀመርኩና ካሜራው ፊት አንድ ጊዜ አጨበጨብኩ። ጭብጨባው በሁለቱም ስልክ ላይ ይቀረጻል። በኋላ ኤዲት ስታደርጉ ሁለቱን የጭብጨባ ድምፆች እላይና ታች ገጣጥማችሁ ስታስቀምጡ ንግግሩ ከከንፈሯ ጋር ይገጥማል። በጣም ቀላል ዘዴ ነው፣ ምንም አያስወጣም።

ነፋስ ካለ ተናጋሪውን ጀርባውን ለነፋሱ አዙሩት፣ ማይኩንም በስስ ጨርቅ ወይም በትንሽ ስፖንጅ ሸፍኑት። አስር ሰከንድ ቅረጹና ኢርፎን አድርጋችሁ ስሙት። ደህና ካልሆነ አትቀጥሉ። በመጨረሻ ደግሞ ማንም ሳያናግራችሁ ለሠላሳ ሰከንድ ያህል የቦታውን ድምፅ ብቻ ቅረጹ። ንግግር ስትቆርጡ የሚፈጠረውን ድንገተኛ ዝምታ የምትሞሉት በእሱ ነው። የኮረሪማውን መንኳኳት ለብቻው፣ ስልኩን ከፍሬው አጠገብ አድርጌ ሦስት ጊዜ ቀረጽኩት።

ብርሃን

ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ከተማ ናት፣ የቀትር ፀሐይዋም አትቻልም። ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ የሰው ፊት ብትቀርጹ ዓይኑ ሥር ጥቁር ጥላ ይወድቃል። ጠዋት እስከ ሦስት ሰዓት፣ ከሰዓት በኋላ ከአስር ሰዓት በኋላ ያለው ብርሃን ለስላሳ ነው። ገበያው የሚደምቀው ቀትር ላይ ከሆነ ጥላ ፈልጉ። ሆኖም አንድ ነገር ልብ በሉ፤ ሰማያዊ ሸራ ሥር የቀረጻችሁት ፊት ሰማያዊ ይሆናል፣ ብርቱካንማ ሸራ ደግሞ ሁሉን ያቀላል። ቅመም እያሳያችሁ ቀለሙ ከተበላሸ ምኑን አሳያችሁ? እኔ አክስቴን ከሸራው ጫፍ ወጣ ብላ እንድትቀመጥ ለመንኳት።

ነጭ ልብስም የራሱ ጣጣ አለው። ስልኩ ብርሃኑን በራሱ ሲለካ ነጭ የበዛበትን ምስል «ብርሃን በዝቷል» ብሎ ያጨልመዋል። ነጠላና ጋቢ የለበሰ ሰው ፊቱ የሚጠቁረው ለዚህ ነው፣ በጥምቀት ደግሞ ሜዳው ሁሉ ነጭ ስለሆነ ይብሳል። መፍትሔው ፊቱ ላይ በጣት ነክቶ ተጭኖ መቆየት ነው። በብዙ ስልኮች ላይ ፎከሱና ብርሃኑ እዚያው ይቆለፋል። ከዚያ አጠገቡ በሚወጣው የፀሐይ ምልክት ትንሽ ከፍ ዝቅ ታደርጉታላችሁ።

ቤት ውስጥ በመብራት ስትቀርጹ ምስሉ ከተርገበገበ ስልኩ ተበላሽቶ አይደለም። የእኛ አገር ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ ነው፣ ስልኮች ደግሞ ብዙ ጊዜ በሰከንድ 30 ፍሬም (ነጠላ ምስል) ይቀርጻሉ፣ ሁለቱ አይገጥሙም። የካሜራው ሴቲንግ የሚፈቅድ ከሆነ ወደ 25 ፍሬም ቀይሩት፣ ካልሆነ መስኮት አጠገብ ሁኑ።

የቀረው የአቀራረጽ ነገር አጭር ነው። ሌንሱን በንጹሕ ለስላሳ ጨርቅ ጥረጉ። በጣት ዙም ከማድረግ ይልቅ በእግራችሁ ቅረቡ። ቪዲዮው ለቲክቶክ ከሆነ ስልኩን አቁማችሁ፣ ለዩቲዩብ ከሆነ አጋድማችሁ ያዙ፣ መሐል ላይ ግን አትቀላቅሉ። እጁን፣ ፊቱን፣ አካባቢውን፣ ከትከሻው በስተጀርባ እሱ የሚያየውን፣ እያንዳንዱን ሳትነቃነቁ አስር አስር ሰከንድ ውሰዱ። ይህ ብቻ ለአንድ ደቂቃ ይበቃል።

ፋይሉን ጠብቁት

ስለዚህ ጉዳይ ቀድሞ የነገረኝ ሰው ቢኖር ብዬ እስከዛሬ ይቆጨኛል። የሁለተኛውን ቅዳሜ ቅጂ በቴሌግራም ለጓደኛዬ ላክሁና፣ ስልኬ ስለሞላ ዋናውን አጠፋሁት። «ቴሌግራም ላይ አለ» ብዬ ነው። ከዚያ መልሼ ሳወርደው ምስሉ ደብዝዟል። ቴሌግራም ቪዲዮና ፎቶን እንዲሁ ስትልኩ መጠኑን ይጨምቀዋል፤ የተጨመቀው ደግሞ ወደ ድሮው አይመለስም። ዋናውን ሳይነካ መላክ ከፈለጋችሁ አባሪ ምልክቱን ነክታችሁ «ፋይል» የሚለውን ምረጡ። እስከ 2 ጊጋባይት ድረስ እንዳለ ይሄዳል። ግን ፎቶ በፋይል ሲላክ ውስጡ የተመዘገበው የቦታ መረጃም አብሮ ሊሄድ ስለሚችል፣ የሰው ቤት ስታነሱ ከካሜራው ሴቲንግ ሎኬሽኑን አጥፉ።

የመጠኑን ስሌት መረዳት ዳታም ቦታም ያተርፋል። 8 ቢት 1 ባይት ነው። ስልካችሁ በሰከንድ 16 ሜጋቢት ቢቀርጽ በሰከንድ 2 ሜጋባይት፣ በደቂቃ 120 ሜጋባይት ሆነ ማለት ነው። በካሜራው ሴቲንግ 720፣ 1080 እና ፎርኬ (4K) የሚሉት የምስል ጥራት ደረጃዎች ናቸው። ፎርኬ ስትመርጡ ፒክስሉ፣ ማለትም ምስሉን የሚሠሩት ነጥቦች ቁጥር፣ የ1080ው አራት እጥፍ ይሆናል። ለጀማሪ 1080 ከበቂ በላይ ነው፣ ስልኩ ደከም ያለ ከሆነ 720ም አያሳፍርም።

አሁን አንድ ልማድ አለኝ። ቀርጬ እንደገባሁ፣ መብራት ሊጠፋ ስለሚችል ምግብ እንኳን ሳልበላ፣ ሁሉንም ወደ ሚሞሪ ካርድና ወደ ፍላሽ እገለብጣለሁ። የፎልደሩ ስም ቀኑና ርእሱ ነው። ሁለት ቦታ ሳይቀመጥ ከስልኬ አላጠፋም።

ኤዲት ሲደረግ

እኔ ካፕከት የሚባለውን የቪዲዮ ኤዲቲንግ መተግበሪያ ነው የተጠቀምኩት፣ ሌላም ይሆናል። ትልቁ ነገር ቅደም ተከተሉ ነው። መጀመሪያ ንግግሩን ብቻ ደርድሩ፣ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ስሙት፣ ሐሳቡ በጆሮ ብቻ ከገባችሁ ከዚያ ምስሉን አልብሱት። እኔ በመጀመሪያ ምስሉን ከደረደርኩ በኋላ ድምፁን ለመግጠም አንድ ሙሉ ሌሊት አባክኛለሁ። የሚያብረቀርቅ መሸጋገሪያ አትጨምሩ። ቀጥ ያለ ቁርጥ ይሻላል።

ብዙ ሰው ቪዲዮን ድምፁን አጥፍቶ ስለሚያይ በአማርኛ ጽሑፍ ጨምሩ፣ በአንድ ጊዜ ከሁለት መስመር አይብለጥ። የቆመ ቪዲዮ ከሆነ ጽሑፉን ከታች ጠርዝ ከፍ አድርጉት፣ ምክንያቱም እታች የመተግበሪያው ቁልፎችና መግለጫው ይሸፍኑታል። የእኛ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተርና ስልክ ሁሉ ፊደላትን በአንድ ዓይነት ቁጥር እንዲያውቁ የሚያደርገው የጋራ ሥርዓት ውስጥ፣ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት በነበሩት የኮምፒውተር ፎንቶች የተተየበ ጽሑፍ ኮፒ ስታደርጉ የላቲን ፊደላት ዝብርቅርቅ ሆኖ ይወጣል፤ ያኔ እንደገና በስልኩ የአማርኛ ኪቦርድ ከመተየብ ሌላ ቀላል መንገድ የለም።

የሰው ዘፈን ከኋላ አታስገቡ። የኮፒራይትና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 አለ፣ ጥበቃውም ምዝገባን አይጠብቅም። የእኔ ቪዲዮ ሙዚቃ የለውም። የገበያው ድምፅና የኮረሪማው መንኳኳት በቂ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

ፈቃድ

የማውቃት አክስቴ ብትሆንም ጠይቄያታለሁ፤ የት እንደሚለጠፍም ጭምር። ከኋላ የሚታዩትን ነጋዴዎችም እንዲሁ። ልጆችን ያለ ወላጅ ፈቃድ አልቀርጽም። ቤተ ክርስቲያን ስትሄዱ አስቀድማችሁ አስተዳዳሪውን ወይም ቄሱን አናግሩ። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ውስጥ ፍላሽ ማብራት አይፈቀድም፣ ጣሪያው ላይ ላሉት የመላእክት ፊቶች ሲባል ነው። ስልካችሁ በራሱ ፍላሽ እንዳያበራ ደጃፉ ላይ ቆማችሁ አጥፉት።

ከመለጠፋችሁ በፊትም ለባለጉዳዩ አሳዩ። በሦስተኛው ቅዳሜ፣ እንደገና ቀርጬ ከጨረስኩ በኋላ፣ መደቧ አጠገብ ተቀምጬ ኢርፎኑን ጆሮዋ ላይ አደረግኩላት። ዝም ብላ እስከ መጨረሻው አየችው። ኮረሪማው ሲንኳኳ ፈገግ አለች። ከዚያ «እኔስ እሺ፣ እሷን ለምን ቆረጥካት ልጄ?» አለችኝ። ከጎኗ በርበሬ የምትሸጠው ጎረቤቷ ሁለት ቃል ጣል ስታደርግ ተቀርጻ ነበር፣ እኔ ንግግሩ እንዳይንዛዛ ብዬ አውጥቻታለሁ። ሴትየዋ ሰምታ ሳቀች። ኢርፎኑን ከአክስቴ ነጠላ ፈትቼ እሷ ጋ ተሻገርኩና ወረቀቴን አውጥቼ ስለ በርበሬው አዲስ ዓረፍተ ነገር መጻፍ ጀመርኩ።