«ይለምዳል» የተባለ ሄልሜት፦ የማይገጥም ሄልሜት ምልክት፣ መንስኤና መፍትሄ

ደሴ ውስጥ ሄልሜት ልትገዙ ሱቅ ገብታችሁ «ጠበበኝ» ብትሉ መልሱ «ይለምዳል» ነው። «ሰፋኝ» ብትሉ ደግሞ «ሰፋ ያለው ይሻላል፣ አያፍንም» ትባላላችሁ። የመጀመሪያው ግማሽ እውነት አለው፤ ሁለተኛው ግን ዕቃው እንዲሸጥ ብቻ የሚባል ነገር ነው።

እኔ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነኝ። ከኩታበር እስከ ሐርቡ በሞተር ስመላለስ 11 ዓመት ሆነኝ። በነዚህ ዓመታት አራት ሄልሜት ገዛሁ፤ ሁለቱን ተሳስቼ። ከዚህ በታች ያለው ከሁለቱ ስህተትና የሥራ ባልደረቦቼ ደጋግመው ከሚያነሱት ቅሬታ የወጣ ነው።

«ንፋስ ሲመታኝ ይነሳብኛል፣ አንገቴን ወደ ኋላ ይጎትተኛል»

ይሄ የመጀመሪያው ሄልሜቴ ነው። ኤክስ ኤል ነበር፣ ባለሱቁ የመረጠልኝ። በነሐሴ ጉም የሐረጎን ቁልቁለት ወደ ኮምቦልቻ እየወረድኩ ከፊት የመጣ ሲኖትራክ አልፎኝ ሲሄድ ንፋሱ ሄልሜቱን ከኋላ አንስቶ ዓይኔ ላይ ደፋው። ለሁለት ሰከንድ ያህል ያየሁት ጥቁር ስፖንጅ ብቻ ነው። ቦዩ ውስጥ ገባሁ። ትከሻዬ ሳምንት አመመኝ እንጂ ሌላ ነገር አልደረሰብኝም፤ አልሐምዱሊላህ።

መንስኤው አንድ ነው፦ ሄልሜቱ ሰፊ ነው። በንፋስ የሚነሳ፣ ጉድጓድ ስታልፉ ግንባር ላይ የሚደፋ፣ አንገት ስታዞሩ ዘግይቶ የሚዞር ሄልሜት ሁሉ ሰፊ ነው። ማሰሪያውን አጥብቆ ማሰር ይህን አያድነውም፤ አገጫችሁን ያንቃል፣ ከላይ ግን መዋለሉን አይተውም።

መፍትሄው መለካት ነው። የልብስ ሰፊ ሜትር ተዋሱና ከቅንድብ በላይ 2.5 ሴንቲ ሜትር ላይ፣ ማለትም ሁለት ጣት ያህል ከፍ አድርጋችሁ፣ ከጆሮ በላይ አሳልፋችሁ፣ ከኋላ ጭንቅላት ይበልጥ የወጣበት ቦታ ላይ አዙሩት። ሦስት ጊዜ ለኩና ትልቁን ቁጥር ያዙ። ሜትር ከሌለ ሲባጎ አዙሩና ሲባጎውን በማስመሪያ ለኩት። በአብዛኞቹ አምራቾች ሠንጠረዥ 55 እና 56 ሴንቲ ሜትር ኤስ፣ 57 እና 58 ኤም፣ 59 እና 60 ኤል፣ 61 እና 62 ኤክስ ኤል ነው። ግን አንዱ ኤል ያለው ከሌላው ኤም ጋር እኩል ሊሆን ስለሚችል ፊደሉን ሳይሆን በሴንቲ ሜትር የተጻፈውን እመኑ። ልካችሁ በሁለት ቁጥር መሀል ከወደቀ መጀመሪያ ትንሹን ሞክሩ። የኔ 58 ሆኖ ተገኘ። ኤክስ ኤል ለብሼ ስንት ዓመት!

ከዚያ እዚያው ሱቁ ውስጥ አድርጉት፣ እሰሩት። ጭንቅላታችሁን ሳታነቃንቁ ሄልሜቱን በሁለት እጃችሁ ይዛችሁ ወደ ግራና ቀኝ አዙሩት። ልክ ከሆነ የጉንጭና የግንባር ቆዳችሁ አብሮ ይጎተታል። ቆዳው ባለበት ቀርቶ ሄልሜቱ ብቻ ከዞረ አውልቃችሁ መልሱት። ሁለተኛው ሙከራ ሰው ይፈልጋል፦ ከኋላችሁ ይቁምና የሄልሜቱን የታችኛውን ጠርዝ ይዞ ወደ ላይና ወደ ፊት ይግፋው። ከጭንቅላታችሁ ከወጣ፣ ስትወድቁም ይወጣል። ባለሱቁ ቢስቅባችሁ ይሳቅ፤ እኔን «አያ፣ ሄልሜት ነው የምትገዛው ወይስ በግ የምትመርጠው?» ብሎኛል። በግም ቢሆን ጥርሱን ሳላይ አልገዛም።

«ጉንጬን ጨፍልቆኛል፣ ግንባሬን ይቆረቁረኛል»

እነዚህን ሁለቱን ሰው አንድ ላይ አድርጎ «ጠበበኝ» ይላቸዋል። «ይለምዳል» የሚለው ቃል እውነት የሚሆነውና የሚዋሸው እዚህ ላይ ስለሆነ ለያይተን እንያቸው።

ጉንጭ ይለምዳል። ጉንጭ ላይ ያለው ለስላሳ ስፖንጅ ነው፤ በጥቂት ሳምንት ይረግባል። አዲስ ሄልሜት ስታደርጉ ጉንጫችሁ ወደ ላይ ገፋ ብሎ ፊታችሁ የሕፃን ፊት ቢመስል፣ ማስቲካ ስታኝኩ ጉንጫችሁን ብትነክሱ፣ አትደንግጡ፤ አዲስ ሄልሜት እንዲህ ነው። ዛሬ ጉንጭ ላይ የሚመች ከሦስት ወር በኋላ ይሰፋል።

ግንባር ግን አይለምድም። ከግንባሩ ስስ ስፖንጅ ጀርባ ያለው ጠንካራው ነጭ ፎም ነው፤ ቴሌቪዥን ተጠቅልሎበት የሚመጣው ዓይነት። እሱ በአንድ ሳምንትም በአንድ ዓመትም ለጭንቅላታችሁ ቦታ አይለቅም። ሥራው በአደጋ ጊዜ አንዴ ተጨፍልቆ ምቱን መዋጥ ነው። ስለዚህ ግንባር ላይ እንደ ሳንቲም በአንድ ቦታ የሚወጋ ነገር ካለ፣ ቁጥሩ ልክ ሆኖም ቅርጹ የእናንተ አይደለም። የሰው ጭንቅላት ከላይ ሲታይ አንዱ ከፊት ወደ ኋላ ረዘም ያለ፣ አንዱ ክብ፣ አብዛኛው ደግሞ በመሀል ነው። ረዘም ያለ ጭንቅላት ክብ ሄልሜት ውስጥ ሲገባ ግንባሩንና ማጅራቱን ይይዘዋል፣ ጎንና ጎኑ ክፍት ይቀራል። ክቡ ረዘም ባለው ውስጥ ሲገባ ከጆሮው በላይ ሁለቱ ጎኖች ይጨመቃሉ። በሁለቱም መፍትሄው ከፍ ያለ ቁጥር መግዛት አይደለም፤ የሌላ አምራች ሞዴል መሞከር ነው።

ይህን ለማወቅ ሱቅ ውስጥ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ አድርጋችሁት ቆዩ። ሻይ እዘዙ። ስታወልቁ መስታወት እዩ፦ ግንባሩ ላይ እኩል የተዘረጋ ቅላት ምንም አይደል፤ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ቀልቶ ከታየ ግን በአንድ ሰዓት መንገድ ራስ ምታት ይሆናል። መነጽር የምታደርጉ ከሆነ ሄልሜቱን ካደረጋችሁ በኋላ አስገቡት። እጀታው ከጆሮ በላይ ቦታ ካጣ ያ ሄልሜት ለሌላ ሰው ነው።

አንድ የማውቀው ልጅ ግንባሩን የሚወጋውን ፎም በቢላ ፍቆ «አስተካከልኩት» አለኝ። አስተካክሎ ሳይሆን ጭንቅላቱ መሬት ሲመታ የሚዋጥለትን ቦታ አንስቶ ነው የጣለው። ተቃራኒውም አለ፤ የሰፋውን ሄልሜት ጫማ ሰፊ ጋ ወስዶ የፍራሽ ስፖንጅ ማስለበስ። ጉንጭ ላይ ስስ አድርጎ ለጊዜው ቢያስሰፉት እምብዛም አልከራከርም። አናት ላይ ከሆነ ግን ጭንቅላት በስፖንጁ ውስጥ እየተንሸራተተ ሄልሜቱ ከፍ ብሎ ይቀመጣል፤ ያኔ ወደ መጀመሪያው ችግር ተመለሳችሁ።

«አስሬው ነበር፣ ስወድቅ ግን ወለቀ»

ታስሮ አልነበረም። ብዙ ማሰሪያ ላይ ሁለት የብረት ቀለበት አለ፤ ከጫፉ አጠገብ ደግሞ ትንሽ የፕላስቲክ ቁልፍ። ያቺ ቁልፍ የተረፈው ጫፍ በንፋስ እንዳይውለበለብ ብቻ የምትይዝ ናት። ሰው እሷን ጠቅ አድርጎ «አሰርኩ» ይላል። ትክክለኛው አስተሳሰር፦ የማሰሪያውን ጫፍ በሁለቱም ቀለበቶች ውስጥ አሳልፉ፣ ከዚያ መልሱና በውጨኛው ቀለበት ላይ አድርጋችሁ በውስጠኛው ብቻ አሹልኩ፣ ጎትቱ። በአገጭና በማሰሪያው መሀል ሁለት ጣት ካለፈ ይበቃል።

ኬላ ሲደርሱ አድርገው፣ ካለፉ በኋላ ክንዳቸው ላይ የሚያንጠለጥሉትን እዚህ አላወራቸውም። ሄልሜት የሞተረኛን የጭንቅላት ጉዳት በ69 በመቶ፣ ሞትን ደግሞ በ42 በመቶ እንደሚቀንስ ብዙ ጥናቶችን አጣምሮ የመረመረው፣ የሕክምና ጥናቶችን የሚገመግመው ኮክሬን የተባለ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2008 ያወጣው ግምገማ አስልቷል። የክርን ጉዳት ስለመቀነሱ ግን አልተናገረም።

«ያምራል፣ ርካሽ ነው፣ ደግሞ በጣም ይቀላል»

መቅለሉ ራሱ ምልክት ነው። ደህና ሄልሜት 1.4 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ግማሽ ኪሎ የማይሞላ ከሆነ በውስጡ መኖር ያለበት የለም። ጨርቁን ገለጥ አድርጋችሁ በጣት ተጫኑ፦ 2.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ውፍረት ያለው፣ ጠንከር ያለ ፎም ማግኘት አለባችሁ። ስፖንጅ ብቻ ከሆነ፣ ወይም ጣታችሁ ቀጥታ ፕላስቲኩን ከነካ፣ የያዛችሁት ባርኔጣ ነው።

ከዚያ ምልክቱን ፈልጉ። የአውሮፓው መለያ ብዙውን ጊዜ ማሰሪያው ላይ የተሰፋ ጨርቅ ነው፤ በክብ ውስጥ የላቲኑ «ኢ» ፊደልና የአገር ቁጥር አለበት፤ 1 ጀርመን፣ 3 ጣሊያን፣ 9 ስፔን ነው። ከሥሩ ያለው የማረጋገጫ ቁጥር በ05 ከጀመረ የቀድሞው 22.05፣ በ06 ከጀመረ አዲሱ 22.06 ደረጃ ነው። የአሜሪካው መለያ ዶት (DOT) ከኋላ የሚለጠፍ ሲሆን የአምራቹን ስም፣ ሞዴሉንና 218 የሚለውን የደረጃ ቁጥር መያዝ አለበት፤ ሦስት ፊደል ብቻውን ተለጥፎ ካያችሁ ተጠራጠሩ። ደግሞም ዶትን «አሟልቻለሁ» ብሎ የሚያረጋግጠው አምራቹ ራሱ ስለሆነ፣ ምርጫ ካለኝ የአውሮፓውን እመርጣለሁ። እንደ ሞተሮቻችን ከህንድ የመጣ ከሆነ አይኤስ (IS) 4151 የሚለውን የህንድ ደረጃ ፈልጉ። ተለጣፊ ፎርጅድ ይሠራል፤ ለዚህ ነው ከተለጣፊው በፊት ጣቴን ፎሙ ላይ የምሰደው።

«በሻሽና በሹሩባ ላይ አይቀመጥልኝም»

ይሄ የሴቶች ቅሬታ ነው፤ ሱቆቻችን ግን ጆሮ አይሰጡትም። ሐይቅ ከተማ የምትሠራ የጤና ባለሙያ የሆነች እህቴ ሁለት ዓመት ከኋላ የምትቀመጠው በሰፊ የወንድ ሄልሜት ነበር፤ ምክንያቱም ሂጃቡ ያለበት ጭንቅላት ትንሹ ውስጥ አልገባ አለ። መንስኤው ሂጃቡ ሳይሆን ከሥሩ የተጠቀለለው ጸጉርና ማጅራት ላይ ያለው ቋጠሮ ነው። ጸጉሯን ዝቅ አድርጋ ወደ አንገቷ በጠፍጣፋው ጎነጎነች፤ ለመንገድ ስስ፣ የማያንሸራትት፣ ስፒል የሌለው ሻሽ አዘጋጀች፤ ከዚያ በዚያው ሻሽ ላይ ለካን። ኤም ገባላት። ስፒሉ ቀልድ አይደለም፤ ሄልሜት ሲጫነው ወዴት እንደሚገባ አስቡት። ሹሩባም ያው ነው፦ በምትነዱበት ወይም በምትሳፈሩበት አሠራር ለኩ፤ የዛሬ ወፍራም ሹሩባ ሲፈታ ሄልሜቱ ይሰፋል። ለወንዶችም፣ ከኮፍያ ወይም ከጥምጣም በላይ ሄልሜት አይደረግም። ኮፍያውን ኪስ ይያዘው።

«መስታወቱ ጉም ይለብሳል»

ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ክረምት ጠዋት መስታወቱ ይቀዘቅዛል፣ ትንፋሽ ይሞቃል፣ ከዚያ ነጭ ይሆናል። አፍና አፍንጫን በሻርፕ መጠቅለል ያባብሰዋል፤ ትንፋሹን ቀጥታ ወደ ላይ ይልከዋልና። የአገጩን አየር ማስገቢያ ክፈቱ፣ መስታወቱን አንድ ደረጃ ያህል ከፍ አድርጉ። መስታወቱ ጎንና ጎን ትንንሽ ካስማ ካለው ፒንሎክ የሚባለውን ሁለተኛ ሽፋን ይቀበላል፤ ከተገኘ ዋጋውን ያወጣል። ካልተገኘ ደረቅ ሳሙና ከውስጥ ስስ አድርጎ ቀብቶ በጨርቅ መወልወል አንድ ጠዋት ያደርሳል።

ወደ ባቲና ከሚሴ ለሚወርዱ ችግሩ ተቃራኒ ነው፤ ላብ። ስፖንጁን ነቅሎ መጣል ግን መፍትሄ አይደለም፤ ሄልሜቱን አንድ ቁጥር ታሰፉታላችሁ። የሚወልቅ ከሆነ አውልቃችሁ በቀላል ሳሙና እጠቡት፣ ጥላ ውስጥ ይድረቅ።

«ቅርፊቱ ሰነጣጠቀ፣ መስታወቱ ማታ ያንጸባርቃል»

ቤንዚን። ሞተር ያለው ሰው እጁ ላይ ያለውን ሁሉ በቤንዚን ያጸዳል፤ ሄልሜቱንም። ቤንዚንና ቲነር የፕላስቲክ ቅርፊትን ያደርቃሉ፣ ፎሙንም ይበላሉ። ውኃና ቀላል ሳሙና ይበቃል። የደረቀ ትንኝ ካለ እርጥብ ጨርቅ ጥቂት ደቂቃ አኑሩበት እንጂ አትፈግፍጉ፤ ያ ጭረት ነው ማታ የመኪና መብራት ሲመጣ ኮከብ የሚሆነው። ጥቁር መስታወት ለማታ አይሆንም።

«አንዴ ወድቄበታለሁ፣ ግን ምንም አልሆነም»

ከውጭ አይታይም። ጭንቅላት ውስጡ እያለ መሬት የመታ ሄልሜት ፎሙ ተጨፍልቋል፤ ተጨፍልቆ ደግሞ አይመለስም። ባዶውን ከሞተሩ መቀመጫ የወደቀ ሌላ ነገር ነው፤ ፈትሹት፣ ካልተሰነጠቀ ያገለግላል። ያገለገለ ሄልሜት ከገበያ አልገዛም፤ የሻጩ አወዳደቅ በምን ይታወቃል? አደጋ ሳይደርስበትም በአምስት ዓመት ገደማ መቀየር አለበት፤ የተመረተበት ቀን ብዙ ጊዜ ማሰሪያው ወይም ከስፖንጁ ሥር ይጻፋል።

የሐረጎውን ኤክስ ኤል ማንም አንስቶ እንዳይሸጠው ማሰሪያውን ቆርጬ ለእናቴ ሰጠኋት። ገለባ ጎዝጉዛበት ዶሮዋ ትታቀፍበታለች፤ ለሷ ልኳ ነው።