የተቃጠለው ካርፔትና የዲፖዚቱ ሂሳብ
ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ያለችውን ኮንዶዬን ተከራዩ ሲለቅ የሳሎኑ ካርፔት ላይ ጥቁር ቃጠሎ አገኘሁ። የዕጣን ከሰል ነው፣ ሌላ ምን ይሆናል! የሻወሩ በርም ከማጠፊያው ተገንጥሏል።

ሲገባ ያስያዘውን ዲፖዚት በሙሉ ላስቀረው ቃጥቶኝ ነበር። ግን ሜሪላንድ ውስጥ ያለአግባብ ያስቀረ አከራይ ያስቀረውን ገንዘብ እስከ ሦስት እጥፍ ሊከፍል ይችላል። ስለዚህ ሲገባ ያነሳሁትን ፎቶ ከአሁኑ ጋር አስተያየሁ። የደበዘዘ ቀለምና የምስማር ቀዳዳ ኑሮ ያመጣው ነው፤ ተውኩት። የበሩን ጥገና በደረሰኙ ልክ ቆረጥኩ። ካርፔቱ አሮጌ ስለነበር የአዲስ ዋጋ አላሰብኩም፤ የቀረውን ዕድሜ ብቻ አስላሁ።

ዝርዝሩን ከነዋጋው፣ ቀሪውን ገንዘብ ከነወለዱ፣ 45 ቀን ሳይሞላ በፖስታ ላክሁ። ተከራዩ ልጅ ደወለ። «ጋሼ፣ የበሩስ እሺ፣ የካርፔቱ አልበዛም?» ስሌቱን አስረዳሁት፤ ተቀበለው።